ሊንተርና ከቨሬጅ በትልቅ ፕሮጀክት፦ ባሕር ዳር ላይ ሆነን የትኛውን እንምረጥ?

ሃያ ሰው በሚነካው ኮድ ላይ ጥራት በቃል አደራ አይጠበቅም። «ቴስት ጻፉ፣ የማትጠቀሙበትን ኢምፖርት አጥፉ» ብሎ በስብሰባ መናገር ለሁለት ሳምንት ይሠራል። ከዚያ የደንበኛ ጥድፊያ ይመጣና ሁሉም ይረሳል። ስለዚህ ጥበቃውን ለማሽን መስጠት ያስፈልጋል። ሊንተር ኮዱን ሳያስኬድ አንብቦ ስህተትና የአጻጻፍ ጉድለት ይጠቁማል። ከቨሬጅ ደግሞ ቴስቶች ሲሮጡ የትኛው መስመር እንደተነካ፣ የትኛው ጭራሽ እንዳልተነካ ይመዘግባል። ሁለቱንም በራሳቸው እንዲሠሩ ማድረግ ከባድ አይደለም። ከባዱ ምርጫው ነው።

አብዛኞቹ ንጽጽሮች ከፍጥነት ይጀምራሉ። እኔ ባሕር ዳር ላይ ከሌላ ጥያቄ መጀመር አለብን እላለሁ፦ ኔትወርክ ሲቋረጥ ይሠራል ወይ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። ከዚያ ውጭም መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል። ፍተሻው በሙሉ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የሆነ ቡድን በእንዲህ ያለ ቀን ፍተሻ የለውም። ወይ ሥራ ያቆማል፣ ወይ ሳይፈተሽ ያስገባል። ክፍያም አለ። ብዙዎቹ አገልግሎቶች በየወሩ በዶላር፣ በካርድ ነው የሚከፈሉት፤ ያ ደግሞ እዚህ ለትንሽ ድርጅት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ምክሬን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ዋናው ፍተሻ በራሳችሁ ማሽን ላይ የሚያልቅ ይሁን፤ ክላውድ ካላችሁ ያንኑ ይድገመው። መለኪያችሁ ደግሞ ዛሬ የሚጻፈውን ኮድ ይመልከት እንጂ የአምስት ዓመቱን ክምር አይሁን። ከዚህ በታች ያሉት ምርጫዎች ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚመነጩ ናቸው።

ለምሳሌ የምወስደው የቁጠባና ብድር ማኅበራትን ሒሳብ የሚይዝ ሲስተም ነው። ሰርቨሩ በፓይተንና በጃንጎ፣ የተጠቃሚው ገጽ በሪአክት የተጻፈ። ብዙ ሰው ይነካዋል፣ ገንዘብም ይቆጥራል፤ ለጉዳያችን ይመቻል።

ፍተሻው የት ይሩጥ?

በጣም ርካሹ ቦታ የዴቨሎፐሩ ላፕቶፕ ነው። ፕሪ-ኮሚት የሚባለው መሣሪያ ከጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው) ጋር ተያይዞ፣ ኮሚት ባደረጋችሁ (ለውጥ በመዘገባችሁ) ቁጥር ሊንተሩን ያስነሳል። ጥፋቱ ለባልደረባ ሳይደርስ፣ ሳይቃጠል በቅጠል፣ እዚያው ይያዛል። መጀመሪያ ሲጫን የሚያስፈልገውን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ከዚያ በኋላ ያወረደውን ስለሚጠቀም ኔት አይጠይቅም። ድክመቱ፣ «ኖ-ቬሪፋይ» የምትለዋን ቃል ትእዛዙ ላይ የጨመረ ሁሉ ያልፈዋል። ሌላው ደግሞ ከባድ ነገር ከጫናችሁበት ሰው ይጠላዋል፣ ከዚያም ያችን ቃል ይለምዳል። ስለዚህ ኮሚት ላይ የተቀየሩት ፋይሎች ብቻ ሊንት ይደረጉ። ቴስትና ከቨሬጅ እዚህ ቦታ የላቸውም።

ሁለተኛው የቢሮ ሰርቨር ነው። እዚህ ፍተሻን በራሳቸው የሚያስኬዱትን ጄንኪንስንና በራስ ማሽን ላይ የሚጫነውን ጊትላብ ታወዳድራላችሁ። ጄንኪንስ የማይሠራው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ግን ፕለጊኖቹን ማደስና እርስ በርስ ማስማማት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ያንን የሚሠራ ሰው ከሌላችሁ አትግቡበት። ጊትላብ ሪፖውን (የኮዱን ማከማቻ)፣ ሪቪውንና ፓይፕላይኑን (በተራ የሚሮጡትን ፍተሻዎች) በአንድ ቦታ ይዟል። በነፃው እትም እንኳ የከቨሬጅ ሪፖርቱን በኮበርቱራ ፎርማት ከሰጣችሁት፣ ሜርጅ ሪኩዌስቱ (ለውጥን ወደ ዋናው ኮድ የማስገባት ጥያቄው) ውስጥ የተነካውንና ያልተነካውን መስመር በቀለም ለይቶ ያሳያል። ይህ ሁሉ በቢሮው ውስጥ ኔትወርክ ብቻ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም ቢቋረጥም ይሠራል። ራም ግን ይበላል። ከ8 ጊጋባይት በታች ባለው ማሽን ላይ ባትጭኑት ይሻላል። ዩፒኤስም ግዙለት፤ በጽሑፍ መሐል መብራት የጠፋበት ዳታቤዝ ለማንም ደስ አይልም።

የቢሮ ሰርቨር ሲባል ብዙ ሰው የሚረሳው ፓኬጆችን ነው። ፓይፕላይኑ በሮጠ ቁጥር ፓኬጅ ከኢንተርኔት የሚያወርድ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ቢሮ መሆኑ ምንም አልጠቀመም። ለፓይተን ዴቭፒ፣ ለጃቫስክሪፕት ቨርዳቺዮ የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ። አንድ ጊዜ የወረደውን ፓኬጅ ያስቀምጡና በሚቀጥለው ጊዜ ከቢሮው ውስጥ ይሰጣሉ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ይህንን ሳታደርጉ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ሦስተኛው ክላውድ ነው። ጊትሃብ አክሽንስ በነፃው መደብ ለግል ሪፖ በወር 2,000 ደቂቃ ይሰጣል። የጊትላብ ድረ ገጽ ነፃ መደብ 400 ደቂቃ ነው። ሒሳቡን ሥሩት። አንድ ፍተሻ 15 ደቂቃ ከወሰደና በቀን 10 ጊዜ ከሮጠ፣ 2,000ው ደቂቃ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። ለሃያ ሰው ቡድን በቀን 10 ፑሽ ደግሞ ትንሽ ነው። መሐል ያለ መንገድም አለ፦ ሪፖው ጊትላብ ድረ ገጽ ላይ ሆኖ፣ ሥራውን የሚሠራው ረነር ቢሮ ባለ ማሽን ላይ ይሁን። የራሳችሁ ረነር ደቂቃ አያስቆጥርም። ረነሩ ራሱ ወደ ውጭ እየወጣ «ሥራ አለ?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ ቋሚ የኢንተርኔት አድራሻም አያስፈልጋችሁም። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ለሌለው ቡድን ይህ ጥሩ ስምምነት ነው። ኔት ሲቋረጥ ግን ሪፖው ራሱ ሩቅ ነው፤ ያኔ የሚቀራችሁ ላፕቶፑ ላይ ያለው ብቻ ነው።

የትኛው ሊንተር?

ሊንት የሚለው ስም የመጣው ስቲቭን ጆንሰን በ1978 እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ውስጥ ለሲ ቋንቋ ከሠራው ፕሮግራም ነው። ዛሬ ለየቋንቋው ብዙ አሉ። በፓይተን በኩል ትክክለኛው ፉክክር በራፍና በፓይሊንት መካከል ነው። ፍሌክ8ን አሁን የሚጠቀም ይጠቀምበት፤ አዲስ ለሚጀምር ግን ራፍ የእሱን ሕጎች አብዛኞቹን ስለያዘ ሁለቱን ማስቀመጥ አያስፈልግም።

ራፍ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በረስት ቋንቋ የተጻፈ ነው። ፈጣን ነው ሲባል ትንሽ ልዩነት አይምሰላችሁ። ፓይሊንት ደቂቃዎች የሚፈጅበትን ሪፖ በሰከንዶች ይጨርሰዋል። ኢምፖርቶችን በቅደም ተከተል ያስተካክላል፣ ኮዱንም ፎርማት ያደርጋል። አሮጌ ላፕቶፕ ለሚጠቀም ወጣት ዴቨሎፐር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፓይሊንት ቀርፋፋ የሆነበት ምክንያት አለው። ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው እየተሻገረ አንድ ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ለመገመት ይሞክራል። ስለዚህ ራፍ የማያያቸውን አንዳንድ ስህተቶች ያያል፤ ለምሳሌ በሌላ ፋይል ያለ ክላስ ላይ የሌለ ሜተድ መጥራትን።

ለትልቅ ፕሮጀክት የሚያስጨንቀኝ ግን የራስን ሕግ የመጻፍ ጉዳይ ነው። በየፕሮጀክቱ ከማንም ጋር የማንጋራው ሕግ አለ። በእኛ ሲስተሞች ውስጥ የተለመደው የዘመን አቆጣጠር ነው። የዛሬን ቀን በቀጥታ ከፓይተን የሚወስድ ኮድ የግሪጎሪያኑን ያመጣል። የብድር መመለሻ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ፣ ሁሉም ኮድ በአንድ የቀን መቀየሪያ ሞጁል በኩል ማለፍ አለበት። ይህን ራፍ ላይ ማስከበር ይቻላል። የታገደ ፈንክሽን ዝርዝር የሚቀበል ሕግ አለው፤ ለእያንዳንዱ የራሳችሁን መልእክት ትጽፋላችሁ። መልእክቱን በአማርኛ ጻፉት፦ «ቀን በቀጥታ አትውሰዱ፤ የዘመን ሞጁሉን ተጠቀሙ፤ ጳጉሜ ላይ ይሳሳታል»። ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ይህን መልእክት ያየ ልጅ ማንንም ሳይጠይቅ ያርመዋል።

ከዚህ ያለፈ ሕግ ስትፈልጉ ግን ራፍ ይቆማል፤ በራሳችሁ የተጻፈ ፕለጊን አይቀበልም። ለምሳሌ የአማርኛ ጽሑፍ ከትርጉም ፋይሎች ውጭ ኮድ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ፈለጋችሁ እንበል። ምክንያቱም በቂ ነው። አንዱ «ዓመት» ብሎ፣ ሌላው «አመት» ብሎ ከጻፈ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ፈልጎ አያገኘውም። ይህንን የሚይዝ ሕግ በፓይሊንት በጥቂት ደርዘን መስመር ይጻፋል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ሁለቱም ነው፣ በተለያየ ቦታ። ራፍ ላፕቶፕ ላይ በየኮሚቱ። ፓይሊንት ሰርቨር ላይ፣ አብዛኛው ሕጉ ተዘግቶ፣ የቡድኑ የራሱ ሕጎችና ፋይል ተሻጋሪዎቹ ብቻ ክፍት ሆነው።

በጃቫስክሪፕት በኩል ነገሩ አጭር ነው። ባዮም እንደ ራፍ በረስት የተጻፈና ፈጣን ነው፤ ፎርማተሩንም አብሮ ይዟል። ኢኤስሊንት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ለሪአክትም ለሌላውም የፕለጊን ብዛት ያለው ነው። ፕሮጀክቱ አዲስና ትንሽ ከሆነ ባዮም። ትልቅና የቆየ ከሆነ ኢኤስሊንት። የአማርኛ ፊደል ኮድ ውስጥ እንዳይገባ የሚለውን ሕግ ኢኤስሊንት ላይ ፕለጊን እንኳ ሳትጽፉ፣ ቅንብሩ ውስጥ በአንድ መስመር ታስገቡታላችሁ።

አሮጌው ኮድስ?

ሊንተር አምስት ዓመት በሞላው ፕሮጀክት ላይ መጀመሪያ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠር ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሦስት መንገድ አለ።

ፎርማት ብቻ ከሆነ በአንድ ቀን፣ በአንድ ኮሚት ጨርሱት። «ይህን መስመር ማን ጻፈው?» የሚለው የጊት ታሪክ ይበላሻል ብላችሁ አትፍሩ። ከጊት 2.23፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የተወሰኑ ኮሚቶችን በታሪክ ፍለጋ ላይ እንዲዘል ማዘዝ ይቻላል። የኮሚቱን ቁጥር በአንድ ፋይል ጽፋችሁ ሪፖው ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። ክፍት የጊት ቅርንጫፎች ሁሉ ሜርጅ በሆኑበት ቀን አድርጉት፤ አለዚያ ግጭት መፍታት ሳምንት ይፈጃል።

የሎጂክ ማስጠንቀቂያዎች ሲሆኑ ግን እንዲህ አይደረግም። ሺህ ቦታ በአንድ ጊዜ መንካት፣ ለዚያውም ቴስት በሌለው ኮድ ላይ፣ አዲስ ባግ መጋበዝ ነው። እዚህ ያለው ምርጫ የዛሬውን ሁኔታ እንደ መነሻ መመዝገብ ነው። ኢኤስሊንት ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነባሮቹን ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ፋይል መዝግቦ አዲስ የመጣውን ብቻ ይጮኽበታል። ራፍ ደግሞ በየመስመሩ ጫፍ «ይህን እለፈው» የሚል ምልክት በራሱ ያስገባል። የኢኤስሊንቱን እመርጣለሁ፤ ኮዱን አያቆሽሽም፣ የቀረው ስንት እንደሆነም በአንድ ቦታ ይታያል።

ሦስተኛው መንገድ የተቀየሩትን ፋይሎች ብቻ መፈተሽ ነው። ለመጀመር ቀላል ነው፤ ግን ሦስት መስመር ለማረም ፋይሉን የከፈተ ሰው የሌላውን መቶ ጥፋት ይታቀፋል። ሰውየው ይናደዳል፣ እውነትም አለው። ለጊዜው ካልሆነ አልመክረውም።

ከቨሬጅ ምን ይቁጠር?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ብዙ ቡድን የተሳሳተውን ቁጥር ነው የሚከተለው።

ነባሪው ልኬት መስመር ነው። መስመሩ ከሮጠ ተቆጠረ። ይህ በቂ ያልሆነበትን በጳጉሜ እንይ። የጳጉሜን ቀናት የሚሰጥ ፈንክሽን አለ። መጀመሪያ ቀኑን 5 ያደርጋል። ከዚያ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ወደ 6 ይቀይረዋል። ቴስቱ 2015ን ሰጠው፤ 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ መልሱ 6፣ ቴስቱ አለፈ። እያንዳንዱ መስመር ሮጧል። የመስመር ከቨሬጅ 100 በመቶ። አሁን ጸሐፊው በመጀመሪያው መስመር 5 ማለት ሲገባው 4 ብሎ ነበር እንበል። ቴስቱ አሁንም ያልፋል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ወደ 6 ከመቀየሩ በፊት ማንም አላየውም። በሚቀጥለው ዓመት የሁሉም ተበዳሪ ወለድ በአንድ ቀን ይዛባል።

የቅርንጫፍ ልኬት ይህንን ያጋልጣል። እያንዳንዱ «ከሆነ» ሁለት መውጫ እንዳለው ይቆጥራል፦ ሲሆንና ሳይሆን። 2015 የሄደው በአንዱ ብቻ ነው። ሪፖርቱ «ሳይሆን» የሚለው መንገድ አልተፈተነም ይላል፣ 2016ንም ትጨምራላችሁ። ገንዘብ፣ ቀንና ፈቃድ በሚነካ ኮድ ላይ የመስመር ልኬትን ብቻ ማየት ተገቢ አይደለም ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ቅርንጫፉን ስትከፍቱ ቁጥሩ ይወርዳል። ለአለቃችሁ ቀድማችሁ ንገሩት።

ለፓይተን መሣሪያው ያለ ክርክር ከቨሬጅ ፓይ ነው። ለጃቫ ጃኮኮ፣ ለሲ ጂኮቭ። ለጃቫስክሪፕት ሁለት አሉ። ኢስታንቡል ኮዳችሁ ውስጥ ቆጣሪ እያስገባ ይለካል፤ በየትኛውም አሳሽ ይሠራል፣ ግን ያዘገያል። ሌላው የቪ8 ሞተር ራሱ የሚቆጥረውን ይወስዳል፤ ፈጣን ነው፣ ክሮምና ኖድ ላይ ብቻ ግን። በፋየርፎክስም ካልፈተናችሁ የቪ8ን ውሰዱ።

ፓይተን 3.12 ላይ የመጣው አዲስ የመከታተያ ዘዴ ልኬቱን በጣም ያፈጥነዋል። ይህ ለቅርንጫፍ ልኬትም የሚሠራው ግን ከ3.14 ጀምሮ ነው። ቴስታችሁ በከቨሬጅ ምክንያት ከተንቀራፈፈ ፓይተኑን ማሳደግ ሌላ ኮምፒውተር ከመግዛት ይረክሳል።

ፕሮጀክቱ ትልቅ ሲሆን ሦስት ወጥመዶች አሉ። ቴስቱን በሦስት ማሽን ከፋፍላችሁ ስታስኬዱ ሦስት የውጤት ፋይል ይወጣል፤ ማዋሃድ የምትለዋን ትእዛዝ ካልጠራችሁ የመጨረሻው ብቻ ይታያችኋል። በየማሽኑ ፎልደሩ የተለያየ ስም ካለው ደግሞ አንዱ ፋይል እንደ ሦስት ይቆጠራል፤ በቅንብሩ ውስጥ «እነዚህ አንድ ናቸው» ብላችሁ ንገሩት። ሁለተኛው፣ የምንጭ ፎልደሩን ካልጠቀሳችሁለት፣ ማንም ቴስት ያልከፈተው ፋይል ሪፖርቱ ላይ ጭራሽ አይታይም። ቁጥሩ የሚያምረው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው፣ ከዋናው ፕሮግራም የሚወለዱ ሌሎች ፕሮሰሶች፣ ለምሳሌ ሌሊት ወለድ የሚያሰሉት፣ በነባሪ አይለኩም። የከቨሬጅ ፓይ 7.10 እትም ይህን በአንድ የቅንብር መስመር ፈቶታል።

ከሁሉም በላይ ግን ከቨሬጅ መስመሩ መሮጡን እንጂ ውጤቱ መረጋገጡን አያውቅም። ምንም የማያረጋግጥ ቴስትም ቁጥር ያስጨምራል። ለወለድና ለቀን ሞጁሎች ብቻ ሚውትሙት የሚባለውን መሣሪያ ሌሊት አስኪዱት። እሱ ኮዱን ሆን ብሎ እያበላሸ ቴስቶቹ ይነቁ እንደሆነ ይፈትናል። ለሁሉም ኮድ አይሆንም፣ በጣም ይዘገያል።

ስንት በመቶ?

ጉግል ለራሱ ዴቨሎፐሮች ባወጣው መመሪያ 60 በመቶ ተቀባይነት ያለው፣ 75 የሚመሰገን፣ 90 ምሳሌ የሚሆን ይለዋል። ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ የቅርንጫፍ ልኬቱን 100 በመቶ ያደርጋል። ሁለቱም ለእናንተ ሕግ አይሆኑም፤ ከዚህ ቁጥር ይልቅ በሩ፣ ማለትም ለውጥን የሚያግደው መለኪያ፣ ምኑ ላይ ይቁም የሚለው ይበልጣል።

ለጠቅላላው ፕሮጀክት ቋሚ ቁጥር ካስቀመጣችሁ፣ ዛሬ 35 በመቶ ያለ ቡድን 80 ላይ እስኪደርስ ምንም አያስገባም፤ ስለዚህ በሩ ይከፈትና ይረሳል። «ከትናንቱ እንዳይወርድ» የሚለው የተሻለ ይመስላል፤ ግን አንድ የታወቀ እንከን አለው። በደንብ የተፈተነ አሮጌ ኮድ ስታጠፉ መቶኛው ይወርዳል። ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው ይቀጣል ማለት ነው። ሦስተኛው የተቀየሩትን መስመሮች ብቻ መለካት ነው። የኮድ ጥራት የሚለካው ሶናርኪዩብም በነባሪ የሚጠይቀው ለአዲስ ኮድ 80 በመቶ ነው። ይህን ለማድረግ ሶናርኪዩብ የግድ አይደለም። ዲፍ-ከቨር የምትባል ትንሽ መሣሪያ የከቨሬጅ ሪፖርቱን ከጊት ልዩነት ጋር አስተያይታ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ላፕቶፕ ላይም ቢሆን ትነግራችኋለች። የእኔ ምርጫ እሷ ናት፣ በ80። የጠቅላላው ቁጥር ይታይ፣ ግን ማንንም አያግድ።

ሪፖርቱን ማን ያሳየን?

ኮድኮቭ የመሳሰሉት የክላውድ አገልግሎቶች ገጻቸው ያምራል፣ አስተያየታቸውም ፑል ሪኩዌስቱ (የጊትሃብ ሜርጅ ሪኩዌስት) ላይ ይመጣል። ሆኖም በ2021 እ.ኤ.አ. የኮድኮቭ ሪፖርት መላኪያ ስክሪፕት በሰርጎ ገቦች ተቀይሮ ለሁለት ወር ያህል ከደንበኞች ፓይፕላይን ምስጢራዊ ቁልፎችን ሲልክ ነበር። የትኛውንም የውጭ ስክሪፕት ስታስገቡ የሰርቨር የይለፍ ቃል በዚያው ፓይፕላይን ውስጥ አይቀመጥ። ሶናርኪዩብ በራስ ማሽን ላይ ይጫናል፣ ሊንትንና ከቨሬጅን በአንድ ገጽ ያሳያል። የነፃው እትም ግን ዋናውን የጊት ቅርንጫፍ ብቻ ነው የሚያየው፤ ሜርጅ ሪኩዌስትን ለመፈተሽ የሚከፈልበት ያስፈልጋል። እኔ ጊትላብ ላለው ቡድን ሁለቱንም አልመክርም። ከቨሬጅ ፓይ የሚያወጣውን የኤችቲኤምኤል ሪፖርት የቢሮ ሰርቨሩ ላይ አስቀምጡት፤ ማንም በአሳሹ ይከፍተዋል።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ያላችሁ የመመረቂያ ፕሮጀክት ተማሪዎች ከዚህ ሁሉ የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው፦ ራፍ በፕሪ-ኮሚት፣ ከቨሬጅ ፓይ ከነቅርንጫፉ፣ የኤችቲኤምኤል ሪፖርት። ሰርቨር አትትከሉ። ኮዳችሁ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ጊትሃብ አክሽንስ ለክፍት ሪፖ ደቂቃ ስለማይቆጥር እሱን ጨምሩበት፤ ኔት ሲኖር ይሮጣል፣ ሳይኖር ላፕቶፑ ላይ ያለው ይበቃችኋል።